ፍግንና የፋብሪካ ማዳበሪያን አስተባብሮ አትክልት ስለ ማልማት

ከመተማ ድንበር ማዶ፥ ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ ከተማና ከዚያም አልፎ የተዘረጋው ሜዳ በዝናም ወራት እግር የሚይዝ፥ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ አፉን የሚከፍት ጥቁር ዋልካ መሆኑ የታወቀ ነው። ማሽላና ሰሊጥ በብዛት የሚመረትበት ይህ መሬት ላየው ሰው የጠገበ ይመስላል። ነገር ግን የአፈር ጥቁረት ብቻውን የለምነት ማረጋገጫ አይደለም። ዋልካው ውሃ የመያዝ ኃይሉ ብዙ ቢሆንም፥ በውስጡ ያለው ብስባሽና ናይትሮጅን የተባለው የተክል ምግብ ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ ጓንግና ሽንፋ ተብለው በሚጠሩት በአትባራና በራሃድ ወንዞች ዳር ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ባሚያ ይለማል። እነዚህ አትክልቶች ዕድሜያቸው የጥቂት ወራት ስለ ሆነ ምግባቸውን ሳይዘገይ ማግኘት አለባቸው። በዚህ ምክንያት አንዱ አትክልተኛ የፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻውን ይበቃል ሲል፥ ሌላው ፍግ ካለ ሌላ አያሻም ይላል። ሁለቱም የያዙት የእውነቱን እኩሌታ ነው።

ሒሳቡን መመልከት ይጠቅማል። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፥ በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል። የከብት ፍግ ግን የሚይዘው ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያንኑ 23 ኪሎ ለማግኘት 4,600 ኪሎ ፍግ ያስፈልጋል። ከዚህም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። በአንጻሩ ዩሪያ ፎስፈረስና ፖታሲየም የለውም፤ በሞቃት ዋልካ ላይ ተበትኖ ሲተውም ናይትሮጅኑ ተንኖ ወደ አየር ይጠፋል። ፍግ ግን ዋልካውን ያፍረከርካል፥ ውሃ እንዲሰርግ ያደርጋል፥ የተሰጠውንም ምግብ ለሥሩ ያቆያል። በእንግሊዝ አገር በሮተምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1843 ጀምሮ በስንዴ ላይ የተካሄደው ሙከራም፥ ፍግና ናይትሮጅን በአንድነት የተሰጠው መሬት በቅርብ ዐሥርታት ከፍተኛ ምርት እንደ ሰጠ አሳይቷል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ርዝመቱና ስፋቱ 10 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 200 ኪሎ ያህል የበሰበሰ ፍግ ከተከላው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። በተከላው ቀን አንድ ኪሎ ዳፕ ከሥሩ ጥቂት ርቆ ይቀበራል። አንድ ኪሎ ዩሪያም ለሁለት ተከፍሎ፥ ግማሹ ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ ቀሪው ከሌላ ሦስት ሳምንት በኋላ ይሰጣል፤ በአፈር ሸፍኖም ወዲያው ማጠጣት ያስፈልጋል። ዩሪያን ከአመድ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ ናይትሮጅኑ ይበንናልና። ያልበሰበሰ እበትም ሥርን ይጎዳል፥ የአረም ዘር ያመጣል፥ ሳይበስል ለሚበላ አትክልትም የበሽታ ምክንያት ይሆናል።

ገዳሪፍ በ2013 ዓ. ም. ከትግራይ የተሰደዱትን፥ ከሚያዝያ 2015 ዓ. ም. ወዲህም በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉትን ብዙ ሰዎች ተቀብላለች። የሚበላው ሰው ሲበዛ በከብት ገበያና በበረት ዙሪያ የሚባክነው ፍግ ሀብት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የከተማ ሹማምንት ከመኖሪያና ከውሃ ጉድጓድ የራቀ የፍግ ማከማቻ ቦታ ቢወስኑ፥ ነዋሪውም ኩበቱን ሁሉ ለማገዶ ባያውለው፥ በውድ ዋጋ የሚገዛው ዩሪያ ግማሹ ነፋስ ሳይወስደው ለተክሉ ይተርፋል።