ተደርድሮ የተተወው የዋጋ ሠንጠረዥ ሲመለሱ ለምን ይበታተናል?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ ብዙ አስመጪ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ቡናውን ሳይጨርስ የሚያየው የባንኮችን የዕለት ዋጋ ነው። ባንኮቹ ዋጋቸውን በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ። የሁሉንም ሰብስበው በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሳዩ ገጾችም አሉ። በአንድ ዶላር ላይ የአንድ ብር ልዩነት ለተራ ተመልካች ኢምንት ይመስላል። መቶ ሺህ ዶላር ለሚከፍል ነጋዴ ግን መቶ ሺህ ብር ነው።

ነጋዴው «መሸጫ» የሚለውን የዓምድ ራስ ይጫናል እንበል። ዝቅተኛው ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለውን ባንክ ከፍቶ ዝርዝሩን ያያል፤ ሁለተኛውን ለማየት ደግሞ ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳል። ሠንጠረዡ ግን ተራው ፈርሶ በፊደል ቅደም ተከተል ቆሞ ይጠብቀዋል። ቢያስተውል እንደገና ይደረድረዋል፤ አሥር ባንክ ካየ አሥር ጊዜ መደርደሩ ነው። ጣጣው ካላስተዋለ ነው። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ የሚያወራ ሰው አናት ላይ ያገኘውን ስም «ርካሹ ይኸው» ብሎ ለሸሪኩ ቢነግር አይፈረድበትም። የነገረው ግን ርካሹን ሳይሆን በፊደል የቀደመውን ነው።

ጉዳዩ የድረ ገጽ ሠሪዎች ስንፍና ብቻ አይደለም። ድር የሚግባባበት ኤችቲቲፒ የተባለው ደንብ ከጥንቱም ትዝታ የለውም። ብሮውዘሩ ገጽ በጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ ጠያቂውን አይቶት እንደማያውቅ እንግዳ ያስተናግደዋል፤ ሻጩ በየደቂቃው እንደሚለዋወጥ ሱቅ ማለት ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 እ.ኤ.አ. በሰርን የምርምር ማዕከል ሐሳቡን ሲያቀርብ የታሰበው ሰነድ ለመለዋወጥ እንጂ ለመነገድ አልነበረም። ትዝታ እንዲኖረው ያስገደደው ንግድ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ» የተባለውን ትንሽ ማስታወሻ ያመጣው፣ ገዢ የመረጠው ዕቃ ከገጽ ወደ ገጽ ሲያልፍ እንዳይጠፋ ነበር።

የሠንጠረዥን ተራ ለማስታወስ ዛሬ ከአንድ በላይ መንገድ አለ። ከሁሉም የሚሻለው ምርጫውን በገጹ አድራሻ ላይ መጻፍ ነው። በአድራሻው መጨረሻ፣ ከጥያቄ ምልክት ቀጥሎ፣ «በመሸጫ ዋጋ፣ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ» የሚል መልእክት ያለው ቃል ይጨመራል። በብሮውዘሩ ቀስት ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው የሚመለሰው ወደዚሁ ሙሉ አድራሻ ስለሆነ ተራውን እንዳለ ያገኘዋል። አድራሻውን በቴሌግራም ቢልከው ዱባይ ያለው ሸሪኩም በዚያው ተራ ያየዋል። ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው በዝርዝሩ ገጽ ላይ የተሳለው «ወደ ሠንጠረዡ ተመለስ» የሚል ቁልፍ ነው። ሠሪው ቁልፉን ባዶው አድራሻ ላይ ካሰረው የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል።

በብሮውዘሩ ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል። «ሰሽን ስቶሬጅ» የሚባለው ማኅደር ታቡ እስኪዘጋ ድረስ ይይዛል። «ሎካል ስቶሬጅ» ግን ታቡ ተዘግቶም ይቆያል፤ ስለዚህ በአንድ ኮምፒዩተር በሚጠቀሙበት ቢሮ ጠዋት ገንዘብ ያዥዋ የደረደረችውን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ያገኘዋል። በሰርቨሩ ላይ በደንበኛው ስም ሲቀመጥ ደግሞ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ይከተላል፤ ይህ ደግ ነው። ሆኖም በአንድ ታብ ዶላር፣ በሌላው ዩሮ ከፍቶ የሚያመሳክር ሰው አንዱን ሲደረድር ሌላው ሳያውቀው ሊለወጥበት ይችላል።

ተራው ተጠበቀ ማለት ግን ዋጋው ትክክል ነው ማለት አይደለም። ነጋዴ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። የዛሬ ብሮውዘሮች ተጠቃሚው ትቶት የሄደውን ገጽ እንዳለ በማስታወሻቸው ያቆያሉ፤ ፋየርፎክስ ከ2005 እ.ኤ.አ.፣ ክሮም በኮምፒዩተር ላይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ወደ ኋላ ሲመለሱ ገጹ በቅጽበት ይመጣል፤ ተራውም ያነበቡበት ቦታም እንደነበረ ነው። ዋጋውም እንደነበረ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚወጣ ዋጋ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ አክሲዮን ለሚያገበያይ ደላላ ግን የሃያ ደቂቃ ዋጋ ያረጀ ዋጋ ነው። በደንብ የተሠራ ገጽ ተራውን ያስታውሳል፤ ዋጋውን ግን እንደ አዲስ ያስመጣል፤ የስንት ሰዓት ዋጋ እንደሆነም ከሠንጠረዡ በላይ ይጽፋል። አዲስ ዋጋ ሲመጣ ረድፎቹ ቦታ መለዋወጣቸው አይቀርም። ስለዚህ ተጠቃሚው መጨረሻ የከፈተው ረድፍ በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ ተለይቶ መቅለም አለበት።

ሠንጠረዡ በገጽ በገጽ ሲከፋፈል ሌላ ችግር አለ። አንዳንዱ ገጽ የሚደረድረው ዓይን የሚያየውን ሃያ ረድፍ ብቻ ነው። ከሁለት መቶ ሃያውን ደርድሮ «ርካሹ ይህ ነው» ማለት የመርካቶን ዋጋ በአንድ በረንዳ መፍረድ ነው። ሁሉም ቢደረደር እንኳ ዋጋቸው እኩል የሆኑ ረድፎች ሁለተኛ መለያ ካልተሰጣቸው፣ ዳታቤዙ በእነርሱ መካከል ያለውን ተራ እንዲጠብቅ የሚያስገድደው የለም። አንዱ ሻጭ በሁለት ገጽ ሲታይ ሌላው ከሁለቱም ሊቀር ይችላል።

ሶፍትዌር የሚያሠራ ድርጅት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይህን ለመፈተን አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። በዋጋ ደርድሮ ሁለተኛውን ገጽ መክፈት፣ አንድ ረድፍ ገብቶ በቀስቱም በቁልፉም መመለስ፣ አድራሻውን ገልብጦ በሌላ ስልክ መክፈት ነው። በአድራሻው ላይ የተጻፈውን የዓምድ ስም በሌለ ስም ተክቶ መሞከርም አይከፋም። ሰርቨሩ ከሚያውቃቸው ዓምዶች ውጪ የመጣለትን ቃል ሳይመረምር ወደ ዳታቤዙ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ በዚያው ቀዳዳ ሌባም ይገባል። በውል ያልተጻፈ ነገር እንደሚቀር ደግሞ የታወቀ ነው። ሥራው ሲጀመር ይህን ማስገባት ቀላል ነው፤ ካለቀ በኋላ ግን ሠንጠረዥ ያለበትን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ መክፈት ይጠይቃል።