የመሬት መዝገብን ስለሚጠብቁ ኩታ ገጠም ኮምፒዩተሮችና ስለ መሻሻላቸው

የገጠር መሬት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር በሚገባበት ጊዜ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር መኪናው የተሰበረ እንደ ሆነ መዝገቡ ከወዴት ይገኛል የሚል ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የተቀመጠ መዝገብ በአንድ ቀን እሳት ይጠፋል። ስለዚህ የሙያው ዐዋቂዎች ብዙ ኮምፒዩተሮች ተገናኝተው እንደ አንድ መዝገብ እንዲያገለግሉ አደረጉ፤ ይህም ክላስተር ይባላል። ገበሬዎች ማሳቸውን አጋጥመው የሚያርሱት ኩታ ገጠም እርሻ በዚሁ ስም ስለሚጠራ፥ ቃሉ ለወረዳ ሹማምንት እንግዳ አይደለም።

መዝገቡ የሚጻፈው በሠንጠረዥ ነው። ይህን ሥርዓት ኤድጋር ኮድ የሚባል የአይ ቢ ኤም ሊቅ በ1970 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጽፎ አሳተመ። ባለይዞታው በአንድ ሠንጠረዥ፥ ማሳው በሌላ ሠንጠረዥ ይጻፋል፤ ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው የባለይዞታው ቍጥር ነው።

ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ ኤን ዲ ቢ ክላስተር ነው። በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ ለስልክ ሥራ ታስቦ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ማይ ኤስ ኪው ኤል የተባለው ኩባንያ ገዛው፥ በ2004 ዓ.ም. ከራሱ መዝገብ ጋራ አዋሕዶ አወጣው። መዝገቡ ተከፋፍሎ በየኮምፒዩተሩ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ክፍል እንደ ልማዱ ሁለት ቅጅ አለው። አንድ ጽሑፍ ተፈጸመ የሚባለው ሁለቱም ቅጆች ከተቀበሉት በኋላ ነው።

መሻሻሉ የመጣው በየተራ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሳይቋረጥ አዲስ ኮምፒዩተር መጨመር ተቻለ። በ2012 ዓ.ም. ብዙ ሠንጠረዥ አገናኝቶ የሚጠይቅ ጥያቄ ፈጥኖ እንዲመለስ ተደረገ። አንዱ ሠንጠረዥ በሌላው የሌለ ቍጥር እንዳይጽፍ የሚከለክለው ማሰሪያ ግን የተገኘው በ2013 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በመዝገብ ያልተጻፈ ሰው ማሳ ይዞ ቢገኝ ክላስተሩ ራሱ አይከለክልም ነበር። ለስልክ ፍጥነት ይበቃ ይሆናል፤ ለመሬት ግን ይህ ማሰሪያ ከፍጥነት ሁሉ ይቀድማል። የማሻሻያ ዕቅድ የቀረበለት ሹምም ፍጥነቱን ከማድነቁ በፊት ስለዚህ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ኮምፒዩተር መሰበሩ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው መስመር መቋረጡ ነው። ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ባልንጀራው የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱም መጻፋቸውን ቢቀጥሉ በአንደኛው ላይ ማሳው ለወንድም፥ በሁለተኛው ላይ ለእኅት ይጻፋል፤ መስመሩ በተቀጠለ ጊዜም አንድ መሬት ሁለት ባለቤት ይዞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ሁለቱም ወገኖች የመንግሥት ማስረጃ ይዘው ይቆማሉ። ኤን ዲ ቢ ስለዚህ ገላጋይ አቆመ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ገላጋዩ ከፈቀደለት በቀር አንደኛው ኮምፒዩተር ራሱን ይዘጋል። ገላጋዩ ግን በሦስተኛ ኮምፒዩተር መቀመጥ አለበት። ወጪ ለመቈጠብ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ቢያስቀምጡት ያ ኮምፒዩተር በወደቀ ጊዜ ገላጋዩም አብሮ ይወድቃል፥ የቀረውም ደኅና ሳለ ፈቃድ አጥቶ ይዘጋል። ገላጋዩን ጨርሶ ማሰናበትም በመኪናው ላይ ይቻላል፤ ለመሬት መዝገብ ግን ሊፈቀድ አይገባም።

ሁለት ቅጅ መኖሩም ተቀማጭ ቅጅን አይተካም። ጸሓፊ በስሕተት የሰረዘው ከሁለቱም ወዲያው ይሰረዛልና፥ በየጊዜው የሚገለበጥ ሌላ ቅጅ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጥ።

የመብራትም ጕዳይ አለ። ኤን ዲ ቢ መዝገቡን በይበልጥ የሚይዘው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ፈጣን ማኅደር ላይ ሲሆን፥ ወደ ቋሚው ማኅደር በአንድነት የሚያሳልፈው እንደ ተለመደው አሠራር በየ2 ሴኮንድ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይዞት ይገኛል፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ቢጠፉ ግን በነዚያ ሴኮንዶች የተጻፈው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሮቹ በአንድ የመብራት መስመር ላይ እንዳይንጠለጠሉ፥ ለየራሳቸውም ባትሪ እንዲኖራቸው ግዢው ከመፈጸሙ በፊት በውሉ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።