ስለ ካትሪን ሹክ ልበልዎ

ጠጋ ይበሉማ። የስም ትርጉም የምናሰናዳ ሰዎች እርስ በርሳችን የምንሳሳቅበት፣ አደባባይ ላይ ግን አፋችንን የምንይዝበት አንድ ጉዳይ አለ። በአውሮፓ ለወላጆች ከሚታተሙት የሕፃናት ስም መጻሕፍት ያገኙትን ያንሡና «ካትሪን» የሚለውን ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ «ከግሪክኛ፤ ንጽሕት» ይላል። አለቀ። ቀጥለው የሀንጋሪዋን ካታሊን፣ የዴንማርኳን ካረን፣ የስፔኗን ካታሊና ይዩ፤ ሁሉም ንጽሕት ናቸው። አንዱ መጽሐፍ ከሌላው እየገለበጠ ነው የኖረው።

ሐቁን ልንገርዎ፦ የስሙ ሥር የት እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። «አከራካሪ ነው» የሚል መልስ ግን ገበያ የለውም። ነፍሰ ጡር እናት ገንዘቧን ከፍላ «አይታወቅም» እንዲሏት አትፈልግም፤ አሳታሚውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ስሙ በጥንታዊው ግሪክኛ አይካቴሪኔ ነው። ንጹሕ ማለት ደግሞ ካታሮስ። ለጆሮ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ ብዕር ሲነሣ ግን ይለያያሉ። ካታሮስ የሚጻፈው ቴታ በሚባለው ፊደል ሲሆን፣ የካትሪን ስም የሚጻፈው ታው በሚባለው ነው። ሠረቀ በንጉሡ «ሠ» ሲሆን ፀሐይ ወጣች፣ በእሳቱ «ሰ» ሲሆን ሌባ ገባ እንደምንለው መሆኑ ነው። ደግሞስ መነሻው ላይ ያለው «አይ» ከየት መጣ? ስለዚህ አንዳንዶች ስሙን «ከሁለቱ እያንዳንዱ» ከሚል የግሪክ ቃል ይመዝዙታል። ሌሎች የመስቀለኛ መንገድና የአስማት አምላክ ከነበረችው ከሄካቴ ጋር ያያይዙታል። ለክርስትና ስም ከሚመረጥበት መጽሐፍ ላይ የአስማት አምላክ የሚያስገባ ደፋር አሳታሚ ከየት ይመጣል?

ታዲያ «ንጽሕት» በየት በኩል ገባች? በቅድስት ካትሪን በኩል ነው። ትውፊት እንደሚለው በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእስክንድርያ ሰማዕት የሆነች፣ ፈላስፎችን በክርክር የረታች፣ ለመሰቃያዋ መንኰራኵር የተዘጋጀላት ድንግል ናት። ገድሏን የሰማ ክርስቲያን ከስሟ ውስጥ ካታሮስን ቢሰማ አይፈረድበትም። የላቲን ጸሐፍት ግን አንድ እርምጃ አልፈው ሄዱ፤ ካቴሪና የነበረውን አጻጻፍ ካታሪና አድርገው ከግሪኩ ቃል ጋር አስማሙት። የሙያችን ትልቁ ጉድ ይኸው ነው። መጀመሪያ ፊደሉ ለትርጉሙ ሲባል ተስተካከለ፤ በኋላ ያው ፊደል ለትርጉሙ ምስክር ሆኖ ቆመ።

ሌላም አለ። መጻሕፍቱ ይህን ያህል ሺህ ስም ይዘናል ብለው ሲፎክሩ፣ አንዷን ሴት ከፋፍለው እንደሚቆጥሯት ልብ ይበሉ። አየርላንዳውያን ከፈረንሳዮች ተቀብለው በራሳቸው ፊደል ጻፏት፤ ድምፁ ወደ ካትሊን የቀረበ ነበር። አሜሪካውያን ያንኑ ጽሕፈት እንደ እንግሊዝኛ አንብበው ኬትሊን አሉት። በተሳሳተ ንባብ አዲስ ስም ተወለደ፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሴት ልጅ ስም ፋሽን እስከ መሆንም ደረሰ። መጽሐፉ ሁለቱን ለየብቻ ያሰፍርና ሁለቱንም «ንጽሕት» ይላቸዋል። ለገጽ መሙያ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ወደ ሩሲያ ይዝለቁ። በየካቴሪና ስም የነገሡት ሁለቱም እቴጌዎች ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም ሌላ ነበር። የመጀመሪያዋ፣ የታላቁ ጴጥሮስ ሚስት፣ ማርታ ትባል ነበር። ታላቋ የምትባለው ሁለተኛዋ ደግሞ ሶፊ የምትባል ጀርመናዊት ልዕልት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1744 ኦርቶዶክስ ስትሆን ስሟ ተቀየረ። በጊዜው የነገሠችው እቴጌ ኤልሳቤጥ የሰጠቻት የገዛ እናቷን ስም ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስሙን የሰማ ሰው ከንጽሕና ይልቅ የጴጥሮስን ቤት ቢያስብ አይገርምም። የዚሁ ስም ቁልምጫ ካትዩሻ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዘፈን ላይ ተወስዶ ለሮኬት መተኮሻ ተሰጠ።

በፓሪስ የልብስ ስፌት ቤቶች ኖቬምበር 25፣ በቅድስቲቱ ዕለት፣ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ያላገቡ ሴቶች አረንጓዴና ቢጫ የበዛበት ያጌጠ ባርኔጣ ይደፋሉ፤ መጠሪያቸውም «ካትሪኔት» ነው። እዚያ ስሙ ያላገባች ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ካረን ሲባል በየሱቁ «ሥራ አስኪያጁን ጥሩልኝ» እያለች የምታምባርቅ ሴት ማለት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሕክምና የኖቤል ሽልማት የተጋራችው ካታሊን ካሪኮም ስሟ የዚሁ የካትሪን ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ «ንጽሕት» ውሸት ነው ልልዎ አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ልጆቻቸውን ካትሪን ያሉ ወላጆች ንጽሕናን አስበው ሰይመዋል፤ ያም ትርጉም ነው። ግን ቃሉ የተወለደበት ሌላ፣ ሰው የሰማበት ሌላ። እኛ የምንሸጥልዎ ሁለተኛውን ነው፤ መለያው ላይ የምንለጥፈው የመጀመሪያውን ነው።

ስለዚህ የስም መጽሐፍ ሊገዙ ሲሉ ሌላውን ገጽ ይተዉትና በቀጥታ ካትሪንን ያውጡ። «ምንጩ አከራካሪ ነው፤ ንጽሕት የሚለው በኋላ የመጣ ነው» የሚል ካገኙ አዘጋጁ ሥራውን ሠርቷል፤ ይግዙት። «ንጽሕት» ብሎ ነጥብ ካሳረፈ ገልባጭ ነውና መልሰው መደርደሪያው ላይ ያኑሩት። ይህን የነገርኩዎት እኔ መሆኔን ግን ለማንም አይንገሩ፤ እንጀራዬ ነው።