ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ቃል

ዲስኩር ትንተና ቋንቋን ከነጠላ ዓረፍተ ነገር አልፎ የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ማን፣ ለማን፣ የትና ለምን ተናገረ? ቀጥሎ ምን ተባለ? ምንስ ሳይባል ታለፈ? ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ዘሊግ ሃሪስ በዚህ ስያሜ ጽሑፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በትምህርት በኩል ግን መሠረት የጣለው ጆን ሲንክሌርና ማልኮም ኩልታርድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ሥራ ነው። ሁለቱ ምሁራን በእንግሊዝ አገር የመማሪያ ክፍሎች የተቀዳ ንግግርን መርምረው በየጊዜው የሚደጋገም የሦስት ተራ ምልልስ አገኙ። መምህሩ ይጠይቃል፤ ተማሪው ይመልሳል፤ መምህሩ በመልሱ ላይ አንድ ነገር ይላል።

የክፍልን ንግግር ከሌላው የሚለየው ይህ ሦስተኛው ተራ ነው። ባለሱቅን የዘይት ዋጋ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው «ጎበዝ፣ ትክክል ነህ» አይልም። መምህር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው፤ መልሱን የሚሰማውም ሊመዝነው ነው። ስለዚህ የትኛው እውቀት በክፍሉ ውስጥ እንደ እውቀት እንደሚቆጠር የሚወሰነው በአመዛኙ ከመልሱ በኋላ በሚመጣው ቃል ነው።

በኢትዮጵያ ክፍሎች የዚህ ምልልስ መልኮች ማንም የተማረ ሰው የሚያውቃቸው ናቸው። መምህሩ «ውሃ ሲሞቅ ወደ ተን ይለ…» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያቆማል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «…ወጣል!» ብሎ ይሞላል። «ገባችሁ?» ሲባል «አዎ!» ይከተላል። የኅብረት መልስ ክፍሉን ያነቃቃል፤ ያልገባውን ተማሪም ከሌሎች ድምፅ ጀርባ ይሸፍነዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ደግሞ ሦስተኛውን ተራ ከሁለተኛው ጨርሶ ለይቶት ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፣ ጥቂት ይጠብቅ፣ መልሱንም ራሱ ይናገር ነበር፤ ተማሪው ምን እንዳለ ግን አይሰማም ነበር።

የሦስተኛው ተራ ክብደት ጎልቶ የሚታየው የተማሪዎቹ የኑሮ እውቀት ከመጽሐፉ በሚሰፋበት ቦታ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቆሼ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ረጲም የሚባለው ይህ ቦታ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ፣ ወደ 36 ሄክታር የሚሰፋ ሜዳ ነው። በዙሪያው ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅመው፣ ለይተውና ሸጠው የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህ ቤቶች የመጣ ልጅ ስለ ቆሻሻ ሲጠየቅ ምን ሊከተል እንደሚችል ለማሳያ የተዘጋጀው የሚከተለው ምልልስ ይጠቁማል።

መምህር፦ የማይበሰብስ ቆሻሻ ምሳሌ ማን ይነግረናል?
አንደኛ ተማሪ፦ ሃይላንድ። ሃይላንድ ግን አይጣልም፣ ይሸጣል።
መምህር፦ እሺ፣ ሌላ?
ሁለተኛ ተማሪ፦ ፌስታል።
መምህር፦ ጎበዝ! ፌስታል። አጨብጭቡለት።

ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው እንዲያውም ተጨማሪ ይዟል፤ የማይበሰብስ ነገር ሁሉ የሚጣል እንዳልሆነ፣ ገዢ ያለውም እንዳለ ይናገራል። መምህሩ «ተሳስተሃል» አላለም። ሆኖም «እሺ፣ ሌላ?» መልሱን ሳይቀበልም ሳይጥልም ያልፈዋል፤ ጭብጨባው ለአንዲቱ ቃል ሲደርስ ደግሞ ክፍሉ አጭር መልስ እንደሚያስመሰግን ይማራል። በ«ሌላ?» ፈንታ «ለማን ይሸጣል? ከፌስታል በምን ይለያል?» ቢባል ኖሮ ትምህርቱ ወደ መለየትና መልሶ ወደ መጠቀም ይሻገር ነበር፤ አስረጂውም ራሱ ልጁ ይሆን ነበር።

አንድ ምልልስ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ተንታኙ ሙሉ ክፍለ ጊዜዎችን ይዞ ስንት ሦስተኛ ተራዎች ንግግሩን እንደዘጉ፣ ስንቶቹ እንዳራዘሙት፣ የማን መልስ እንደተደገመና የማን እንደታለፈ ይቆጥራል። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ጊዜም ይለካል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ጊዜው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። ዝምታን መተርጎም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ዝም ስላለ ብቻ አላወቀም አይባልም። መምህሩ «አንተ» እያለ፣ ተማሪው «እርስዎ» እያለ በሚካሄድ ንግግርም የመምህሩን ፍርድ መሞገት ቀላል አይደለም።

ምን ተባለ፣ ምንስ ሳይባል ታለፈ የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ በሚነበብ ጽሑፍ ላይም ይነሣል። ኖርማን ፌርክላፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ካሳተመው ሥራ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው፣ በቋንቋና በሥልጣን ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ሂሳዊ ዲስኩር ትንተና በአማርኛም ብዙ የሚመረምረው አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። «ቆሻሻው ተደረመሰ» የሚለው አነጋገር እውነት ነው፤ አድራጊ ግን የለውም። «ለዓመታት የተከመረው ቆሻሻ» ሲባልም ከማሪው አይታይም። «ከተማው ከ50 ዓመት በላይ የከመረው ቆሻሻ» ሲባል ባለቤት ብቅ ይላል። ሟቾቹን «ሕገወጥ ሰፋሪዎች» ወይም «የአካባቢው ነዋሪዎች» ብሎ መጥራትም አንባቢው ተጠያቂውን የሚፈልግበትን አቅጣጫ ይቀይራል። የታሪኩ መነሻም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ፣ በአርሶ አደሮች ተቃውሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ቆሞ ወደ ቆሼ መመለሱን ጠቅሶ የሚጀምር ዘገባና ከዚያች ምሽት የሚጀምር ዘገባ የአደጋውን ምክንያት በአንድ ዓይን አያሳዩም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሁለት ዘገባዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ተማሪዎች አድራጊውን እንዲፈልጉ ማድረግ፣ የተደራጊ ግሥን ትርጉም በቃል ከማስጠናት ይልቅ በተግባር ያሳያል።

ወደ ክፍል ንግግር ስንመለስ፣ የጥናቱ አድካሚ ክፍል ንግግርን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የአንድ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቅጂ በወጉ ሲጻፍ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የመምህሩንና የፊተኛውን ወንበር ድምፅ ብቻ ስለሚይዝ ከኋላ በኩል ሌላ መቅጃ ያስፈልጋል፤ አለዚያ «የኋላ ተማሪዎች አይሳተፉም» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደረሳል። የዝምታው ርዝመት፣ ተደራርቦ የተነገረው፣ በኅብረት የተባለውና በሹክሹክታ ያለፈው ለየብቻ ምልክት ይሰጣቸዋል። የግእዝ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ «ይሰማል» የሚለው ግሥ ሰሚውን ይሁን የሚሰማውን ነገር ከጽሑፉ አይታወቅም፤ ስለዚህ ገልባጩ በምልክት መለየት አለበት።

ፈቃድ ማግኘትና ምስጢር መጠበቅም የሙያው ግዴታ ናቸው። የልጆች ድምፅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይቀዳም፤ ስም ይቀየራል። እንደ ቆሼና ዘነበወርቅ ባሉ፣ በቆሻሻና በሥጋ ደዌ ምክንያት ነዋሪዎቻቸው ለመገለል በተዳረጉባቸው ሰፈሮች ግን ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ልጁን ሊያስለዩ የሚችሉ የቤተሰብ ሥራ፣ የቤት አድራሻና የትምህርት ቤት ስምም ከጽሑፉ ይወጣሉ።

በመጨረሻ የሚቀረው የጥናቱ ውጤት የሚደርስበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ትንታኔው ለመመረቂያ ቀርቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለመምህሩ የሚጠቅመው ግን የተገለበጠው የራሱ ንግግር ነው። ሦስት ገጽ ያህል ቢሰጠውና «ሌላ?» ያለባቸውን ቦታዎች ራሱ ቢያሰምርባቸው፣ ስለ አሳታፊ ትምህርት ከሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ይልቅ ብዙ ይማርበታል። ወደ ተቀዳበት ክፍል የማይመለስ የዲስኩር ጥናት ግማሽ ሥራ ነው።