የቨርጂኒያ የዘር ንጽሕና ሕግ

የዘር ንጽሕና ሕግ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1924 የጸደቀ፣ ነጮች ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳያገቡ የከለከለ ሕግ ነበር። በዚያው ቀን የጸደቀ ሌላ ሕግ ደግሞ በመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ተቋማት ከሚኖሩት ውስጥ «ጉድለታቸው ወደ ልጅ ይተላለፋል» የተባሉትን ያለ ፈቃዳቸው ማምከን ፈቀደ። ሁለቱንም ያገናኘው ዩጀኒክስ ነው።

ዩጀኒክስ የሰውን ዘር እንደ ከብት እየመረጡ በማራባት ማሻሻል ይቻላል የሚል ትምህርት ነው። ስሙን በ1883 ያወጣለት እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሳይንስ ይሰጥ ነበር። የጋብቻ ክልከላው ግን ከዩጀኒክስ በጣም ይቀድማል፤ ቨርጂኒያ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች በ1691 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታለች። ዩጀኒክስ ለአሮጌው ክልከላ የሳይንስ ልብስ አለበሰው፤ ከዚያም በላይ መዝገብ ቤት ሰጠው።

በ1910 በወጣው ሕግ መሠረት በቨርጂኒያ ጥቁር ተብሎ የሚቆጠረው ከ16ቱ ቅማያቶቹ ቢያንስ አንዱ ጥቁር የሆነ ሰው ነበር። የ1924ቱ ሕግ ይህንንም ትቶ፣ ነጭ ማለት የሌላ ዘር ደም ጨርሶ የሌለበት ነው አለ። አንድ ልዩነት ብቻ ፈቀደ፦ እስከ አንድ አሥራ ስድስተኛ የቀይ ሕንዶች ደም ያለበት ሰው ነጭ ሆኖ ይቆጠራል። ምክንያቱ የባላባት ቤተሰቦች ናቸው። ብዙዎቹ በ1614 እንግሊዛዊ ካገባችው ከፖካሆንታስ እንወለዳለን እያሉ ይኮሩ ስለነበር፣ ሕጉ በእነሱ ላይ እንዳይደርስ ተደረገ። ሳይንስ የተባለው መለኪያ ለማን ይታጠፍ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሕጉን በሥራ የተረጎመው ሐኪሙ ዋልተር ፕሌከር ነው። ከ1912 እስከ 1946 የግዛቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ኃላፊ ነበር። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው ሹም ተጋቢዎቹ የተናገሩት ዘር እውነት መሆኑን እስኪያምን ፈቃዱን እንዳይሰጥ ታዘዘ፤ ዘሩን አስመስሎ ያስመዘገበም በእስራት ይቀጣል። ፕሌከር ቀይ ሕንድ ነን የሚሉትን የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ጥቁሮች ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በ1943 የቤተሰብ ስሞችን በየአውራጃው ዘርዝሮ፣ የእነዚህ ቤተሰቦች ሰዎች ነጭ ወይም ቀይ ሕንድ ተብለው እንዳይመዘገቡ ለመዝጋቢዎችና ለሐኪሞች አስተላለፈ። ጉዳቱ ከሕጉ ዕድሜ በላይ ቆየ። ነገዶቹ ከጊዜ በኋላ የፌዴራል ዕውቅና ሲጠይቁ ማንነታቸውን የሚያስረዳ ሰነድ ጎደላቸው፤ ስድስቱ ዕውቅና ያገኙት በ2018 ነው።

የጋብቻ ክልከላውን ያፈረሱት ሪቻርድና ሚልድረድ ላቪንግ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ነጭ፣ እሷ የጥቁርና የቀይ ሕንድ ዝርያ ያላት ነበረች። በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ፤ ሲመለሱ ፖሊስ በሌሊት ከመኝታቸው ያዛቸው። ዳኛው አንድ ዓመት እስራት ፈርዶ፣ ለ25 ዓመት አብረው ወደ ቨርጂኒያ ካልተመለሱ ቅጣቱ እንደማይፈጸም ገለጸ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 12 ቀን 1967 ባልተከፋፈለ ድምፅ ሕጉን ሻረ። ሕጉ የሚከለክለው ነጭ ያለበትን ጋብቻ ብቻ ስለነበር፣ ዓላማው የነጭን የበላይነት ማስጠበቅ መሆኑን ዋና ዳኛው ኧርል ዋረን ጻፉ። በዚያ ጊዜ 16 ግዛቶች ተመሳሳይ ክልከላ ነበራቸው።

የማምከኑ ሕግ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 በካሪ በክ ጉዳይ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ አጽንቶታል። ቨርጂኒያ ራሷ በ1974 ብትሰርዘውም፣ ፍርድ ቤቱ ያንን ብይን እስካሁን በግልጽ አልሻረውም።