የማርትሬዛ ቴአትር

አያቶቻችን ጨውና በቅሎ የገዙበት ማርትሬዛ ብር ለረጅም ዘመን ከቪየና ሲወጣ የኖረ ገንዘብ ነው። ብሩ ላይ ምስሏ የታተመው ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1741 ከቤተ መንግሥቷ አጠገብ የነበረ የኳስ መጫወቻ አዳራሽ ቴአትር ቤት እንዲሆን ፈቀደች። ቡርግቴአትር የሚባለው ዝነኛ መድረክ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከ214 ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ ኦስትሪያ ጭንብል ለቴአትር ምልክት የሆነበት ባለ 25 ሺሊንግ የብር ሳንቲም አወጣች። የቪየና የመንግሥት ቴአትር ቤቶች እንደገና መከፈታቸውን የሚዘክር ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኦፔራ ቤት በማርች 1945 በቦምብ ተመቶ መድረኩም አዳራሹም ነዶ ነበር፤ ቡርግቴአትርም በዚያው ዓመት ተቃጥሏል። ሀገሪቱ ራሷ ለአሥር ዓመት በአራት ኃያላን ጦር ስር ቆይታ ነፃነቷን የሚመልስላትን ውል የፈረመችው በሜይ 1955 ነው። በኖቬምበር 5 ኦፔራ ቤቱ ሲከፈት የቀረበው የቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ነበር፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ባሏን ወንድ መስላ ገብታ የምታስፈታ ሚስት ታሪክ። ምርጫው እንዲያው የመጣ አይመስለኝም።

ሳንቲሙ 13 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 800 እጁ ብር ነው፤ ማለትም 10.4 ግራም። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ፣ ለእጅ ዝውውር የሚታተም ሳንቲም ሌላ ማዕድን፣ ብዙውን ጊዜ መዳብ፣ ይቀላቀልበታል። እንግዲህ አንዱ ሳንቲም ሦስት ዋጋ አለው፤ የተጻፈበት፣ ብሩ ቢቀልጥ የሚያወጣውና ሰብሳቢ የሚከፍለው። በመጀመሪያው አሁን ገበያ ላይ መክፈል አይቻልም፣ ሺሊንግ በዩሮ ከተተካ ቆይቷልና።

በ1956 የሞዛርት 200ኛ የልደት ዓመት በተመሳሳይ ሳንቲም ተከበረ። በ1975 ለዮሐን ሽትራውስ የወጣው ባለ 100 ሺሊንግ ግን፣ ክብደቱ 24 ግራም ቢደርስም፣ የብር መጠኑ ከሺህ ወደ 640 ወርዷል። ብር ሲወደድ መንግሥት መጀመሪያ የሚቆጥበው ከሳንቲሙ ሆድ ነው።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ከእነዚህ የማስታወሻ ሳንቲሞች ጋር የሚያምታቱት በኦርኬስትራ ስም «የቪየና ፊልሃርሞኒክ» የተባለውን ሳንቲም ነው። ከ2008 ጀምሮ በብርም ይታተማል፤ ከሺህ 999 እጅ ንጹሕ፣ 31.1 ግራም፣ ባለ 1.5 ዩሮ። በአንድ ፊቱ የኦርኬስትራው አዳራሽ ትልቅ ኦርጋን፣ በሌላው ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ በገናና ሆርን ይታያሉ። ያምራል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሳይለወጥ በየዓመቱ ስለሚወጣ የሚዘክረው ቀን የለውም፤ በሚዛን የሚሸጥ ብር ነው።

የማስታወሻ ሳንቲም እጅዎ ከገባ ጠርዙን እንጂ ፊቱን አይንኩ። አየር ውስጥ ያለ የድኝ ዘር ብርን ያጠቁራል፤ ያንን እንደ አንገት መስቀል አሽቶ ማብራት ያጓጓ ይሆናል። አያድርጉት። መፈግፈጉ ስስ ጭረት ይተዋል፣ ሰብሳቢውም በአጉሊ መነጽር መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ካገኘው ዋጋውን ወደ ብሩ ሚዛን ያወርደዋል።