የተገዛበት ዋጋ
በራያ ቆላ፣ በቆቦና በሮቢት አካባቢ፣ ዝናብ ሲያጥር የማሽላ ዋጋ ይወጣል፣ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ ይሁንና በሬውን ገበያ ያወጣ ገበሬ ገመዱን እንደያዘ የገዛበትን ዋጋ እያሰበ «በኪሳራማ አልሸጥም» ብሎ ወደ ቤቱ ሲመልሰው፣ በሳምንቱ በሬው ከስቶ፣ ጎኑ ገብቶ፣ ከቀድሞውም ያነሰ ዋጋ ይጠራበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን መሰሉን ዝንባሌ ኪሳራን መሸሽ፣ ማለትም የማጣት ሕመም እኩል መጠን ካለው የማግኘት ደስታ በልጦ መሰማቱ፣ ሲሉ አብራርተውታል። የተገዛበት ዋጋ ያለፈ ነገር ነው፤ መመዘን ያለበት ዛሬ የሚገኘው ብርና በሬው እስከ ክረምት የሚበላው የማሽላ አገዳ ዋጋ ነው። ያም ሆኖ አልሸጥም ያለን ሁሉ ተሳስቷል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሬ ጥሪት ብቻ ሳይሆን የእርሻ ጉልበትም በመሆኑ፣ ዝናቡ ሲመለስ ጥማድ ያጣ ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ለመስጠት ሊገደድ ይችላል።